የኦይታ ባዶ ቦታ

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ። ያንን አሮጌ ጎማ ገልብጡትና ተቀመጡበት፤ ፀሐይ አግሎታል እንጂ ንጹሕ ነው። አንተ ደግሞ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ። አትዝጋው፣ ቀንስልኝ ብቻ። ስለ አንድ ወዳጄ ላጫውታችሁ ነው፤ ኦይታ ይባላል። ድምፁን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ የማን እንደሆነ ግን አታውቁም።

እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ጎሚስታው ክንፉ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ጎማ ስለጥፍና ስነፋ ኖርኩ። ኦይታ ደግሞ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከደጋው ከኦቾሎ የወረደው በወጣትነቱ ነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ እሱ ግን እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ቁጭ ብሎ መዋል አልሆነለትም። ወረደና ሙዝ መጫን ጀመረ። ያ ሁሉ ሙዝ አይሱዙ ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባው በማን ትከሻ ይመስላችኋል? የሙዝ ወተት ጨርቅ ላይ ከነካ ይጠቁራል፤ በምንም ሳሙና አይለቅም። የኦይታ ሸሚዞች ሁሉ ዥንጉርጉር ነበሩ። ሚስቱ ሻሺቱ፣

«እኔ ያገባሁት ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ይኼን ነብር ማን እንዳመጣብኝ እንጃ» እያለች ታስቀን ነበር።

እሁድ ግን ሁላችንም ሌላ ሰው ነበርን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የአባያ ሐይቅ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ዳገት ላይ አንድ ሾላ አለ፤ እዚያ እንሰበሰባለን። ጨዋታችን ፊላ ነበር። ፊላ ምን መሰላችሁ፣ የተቆረጠ ቀርከሃ ነው። እንደ ዋሽንት ጎኑ ላይ ቀዳዳ የለውም፤ ከአፉ ላይ ነው የሚነፋው፣ ያለውም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ቀርከሃ ይዞ ይቆማል፤ ዘፈኑ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይዞራል። የዚህ ጨዋታ ጌቶች ደራሼዎች ናቸው፤ እኛም ከእነሱ ነው የለመድነው። ብቻህን የምትጫወተው ነገር አይደለም። ብቻህን ከነፋኸው ባዶ ጠርሙስ የሚነፋ ሕፃን ነው የምትመስለው።

እኔ ትንሿን ነበር የምነፋው። ጫጩት ብለው ስም አወጡልኝ። ኦይታ ትልቁን፣ ቁመቱ ደረቱ ጋ የሚደርሰውን። እሱን «አባት» እንለው ነበር። ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በእሱ ድምፅ ነው፤ ቡም ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል።

«ጫጩቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ስትነፋ ትንፋሽህን ጨርሰህ መጣህ እንዴ?» ይለኛል።

«አንተስ፣ ያን ሁሉ ሙዝ ተሸክመህ አንዲት ቀርከሃ ከበደችህ?»

«ሙዙ ይከብዳል እንጂ አይዘፍንም። ይቺ ግን ዕዳዋን ትከፍላለች።»

አሥር አሥራ ሁለት እንሆን ነበር። ከሙዝ ጫኞቹ ብዙዎቹ አሉበት። ኃይለመስቀል አለ፣ የሆቴል ዘበኛ ነው፤ ጨዋታ ወዳድ፣ ልቡ ሩኅሩኅ። ጋሻዬ የሚባል አናጢም ነበረ። ጋሻዬን ወባ ገደለብን። የዛሬው ወሬዬ የሚጀምረው እንዲያውም ከእሱ ነው።

አንድ ልማድ ነበረን፤ የሌላውን አገር አላውቅም፣ እኛ እዚያ ሾላ ሥር የምንሰበሰበው ግን እንዲህ እናደርግ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሲሞት፣ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሾላው ሥር ያርፋል። እኛም ያንኑ የእሁድ ዘፈናችንን እንነፋለታለን። የሟቹ ተራ ሲደርስ ግን ማንም አይነፋለትም። ዝም ይባላል። ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይቀበላል፣ ዞሮ ሲመጣ እንደገና ዝም። ከቀብሩም በኋላ በእሁድ ጨዋታችን ቦታው ባዶውን ይቆይለታል። ደረጃ ስትወርዱ አንዱ ተሰብሮ እግራችሁ አየር ላይ ቀርቶ ያውቃል? እንደዚያ ነው ሰውነት የሚደነግጠው።

የጋሻዬ ሚስት ልክነሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣላትም ነበር። ሴቶቹ ፈርተውላት ነበር፣ ደርቃ ቀረች ብለው። ሾላው ሥር ስንነፋ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ሲያልፍ ቀና አለች። ሁለተኛው ሲያልፍ «ውይ ጋሻዬ!» ብላ ጮኸች፣ እንባዋ ወረደ። አገሩ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ከቀብር ስንመለስ ኦይታ ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጎኔ እየሄደ፣

«ክንፉ፣ ለእኔም እንዲህ ታደርጉልኛላችሁ አይደል?» አለኝ። ቀልድ ሲሆን ነበር ጫጩት የሚለኝ፤ ያን ቀን ክንፉ አለኝ።

ሚፍታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚፍታ የከሊል ልጅ ነው፤ ከሊልን ታውቁታላችሁ፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍለው። ልጁ ከአባቱ ሱቅ ጎን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። በሩ ላይ ሞንታርቦ ሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ደንበኞቼ የምንነጋገረው በእጅ ነው። «የፊተኛው ጎማ ነው የኋለኛው?» ብዬ እጮሃለሁ፣ ሰውዬው «አዎ» ይለኛል። ሚፍታ ግን የተባረከ ልጅ ነበር፤ ቅር አይበላችሁ፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። አንድ እሁድ ቴፑን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ።

«ጋሽ ኦይታ፣ አንዴ ብቻ ልቅዳችሁ።»

«ምኑን ነው የምትቀዳው? እኛ ጠላ ነን?»

«ድምፃችሁን ነዋ! ካሴት ላይ። ከዚያ በፈለጋችሁ ጊዜ ትሰሙታላችሁ።»

«በፈለግን ጊዜማ እንነፋዋለን» አለ ኃይለመስቀል፤ ሳቅን።

ተቀዳን። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ስለነበር ሚፍታ አለት ላይ ፀሐይ አስመታውና መልሶ አሰማን። ልጆች ሆንን ብላችሁ ታምናላችሁ? አንዱ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ይሸፍናል፣ አንዱ ይዘላል። የኦይታ ድምፅ ሲመጣ ድንጋዩ እየከዳ ነበርና ተጎትቶ ወጣ።

«ይኼ ጉማሬ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ ራሱ ኦይታ። በሳቅ ፈረስን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ከሁላችን በላይ የተደሰተው እሱ ነበር። ሻሺቱን ጠርቶ ሦስት ጊዜ አሰማት።

ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ይመስለኛል፣ የሙዝ መጫኛው ቀን ተለወጠ። ድሮ በሥራ ቀን ነበር የሚጫነው። አዲስ አበባ ያሉት ነጋዴዎች ሙዙ ሰኞ ማለዳ ገበያ ላይ ይድረስልን አሉ። ሰኞ እንዲደርስ እሁድ ይጫን ተባለ። እኛን ማንም አልጠየቀም። ለጫኞቹ የነገራቸው ተቆጣጣሪው ነው፤ «እሁድ የማይመጣ ሰኞም አይምጣ» አለ፣ አለቀ። እሁዳችንን እንዲህ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወሰዱት።

ኦይታና ጓደኞቹ መኪናውን ጭነው ሲጨርሱ አሥር ሰዓት ይሆናል። ትከሻው የዛለ ሰው ዳገት አይወጣም፣ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ኃይለመስቀል የዘበኝነት ተራው እሁድ ላይ ወደቀ። አንዱ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ኳስ ማየት ጀመረ። ሳገኛቸው፣

«ምነው ጠፋህ?» እላለሁ።

«በሚፍታ በር ሳልፍ ሰማሁት እኮ። ልክ ሾላው ሥር ያለሁ ነው የመሰለኝ!»

እንዲህ ይሉኛል፤ እየሳቁ፣ በደህና ልባቸው። ካሴቱ እኛን ተክቶ ይሰበሰብልን ጀመር። እኛ ቤታችን ተኝተን እሱ መናኸሪያው ላይ ይዘፍንልናል።

ኦይታ ብቻ አልቀረም። ሸሚዙ ላይ ያለው የሙዝ ወተት ሳይደርቅ ቀርከሃውን ተደግፎ እያዘገመ ይመጣል። እኔም ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ሁለት ሰው ፊላ አይጫወትም። እኔ ጢጥ እላለሁ፤ የዚያን ሁሉ ሰው ቦታ በዝምታ እንጠብቃለን፤ እሱ ቡም ይላል። አንድ ቀን በዚያ የሚያልፍ ጎረምሳ ቆሞ አየንና፣

«ጋሼ፣ ጎማው ተነፈሰ እንዴ?» አለኝ።

እኔ ተናደድኩ። ኦይታ ግን ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በመሃል ሳል ሆነ። ሲበርድለት አባያን እያየ እንዲህ አለኝ፤

«ጫጩቴ፣ ሰው ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚተወው የሚወደውን ነው። የሚጠላውንማ ቢተው ያባርሩታል።»

ያ ሳል አልለቀቀውም። ክረምቱ ሲገባ ደረቱን ያዘው። መኪና ላይ መውጣት ሲያቅተው ተቆጣጣሪው አልተቆጣም፣ ምንም አላለም፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ትከሻ አቆመ። ኦይታን ያመመው እሱ ይመስለኛል። እኔና ኃይለመስቀል ልንጠይቀው ስንሄድ በሩ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ ትልቁ ቀርከሃ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ሻሺቱ አብሽ አፍልታ ታጠጣዋለች።

«ቀኑ ቀርቧል መሰለኝ» አለን።

«ተው እንጂ!» አለ ኃይለመስቀል፤ «ገና የፀደይን ሠርግ ትበላለህ።» ፀደይ የኦይታ ልጅ ናት።

«ሠርጉ ላይ ሚፍታ ካሴቱን ይክፈትላት፣ ደስ ይበላት። እኔ የምለምናችሁ የቀብሬን ነው። ያን ያህል ዘመን ስጭን ኖሬ ከመኪናው ስወርድ ቦታዬ ምሳ እስኪበላ እንኳ አልቆየም፤ ሰው ቆመበት። አልፈርድም፣ ሙዝ አይጠብቅም። ግን አንድ ቦታ እንኳ ማንም አይተካኝ። ሾላው ሥር ተሰብሰቡና፣ ተራዬ ሲደርስ ዝም በሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ኃይለመስቀል ዓይኑ እንባ ሞላ። «እናደርጋለን ወንድሜ። ከዚህም የበለጠ እናደርጋለን» አለው።

ከዚህም የበለጠ። ያኔ ቃሉን ልብ አላልኩትም።

ኦይታ ቅዳሜ ጠዋት ሞተ፤ ቀብሩ እሁድ ሆነ። እኔ ሱቄን ዘግቼ በየቤቱ ዞርኩ። «ነገ ቀርከሃችሁን ይዛችሁ ሾላው ሥር» እላለሁ። «እሺ ጋሽ ክንፉ፣ እንዴታ» ይሉኛል። ኃይለመስቀልን የሆቴሉ በር ላይ አገኘሁት፤ «አትጨነቅ፣ እኔ አለሁ» አለኝ።

እሁድ አስከሬኑ ሾላው ሥር ሲያርፍ ሰው ዳገቱን ሞልቶት ነበር። ኦይታን የማይወድ አልነበረም። ጫኞቹ ከመኪናው ወርደው በቀጥታ መጡ፤ ሸሚዛቸው እንደ እሱ ሸሚዝ ዥንጉርጉር፣ ላባቸው ገና አልደረቀም። ሹፌሩ ለጥቂት ጊዜ ፈቅዶላቸው ነው። እኔ ቀርከሃዬን ከኮት ኪሴ አወጣሁ። ዞር ብዬ አየኋቸው። እጃቸው ባዶ ነው።

«ቀርከሃችሁስ?»

አንዱ መሬት መሬት ያያል። «የእኔውን ልጆቹ ሰነጠቁት።» ሌላው፣ «አንቴና አሰርኩበት፣ አሁን ቢወርድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል።» አንዱ ደግሞ፣ «ኃይለመስቀል አያስፈልግም ብሎናል» አለኝ።

ኃይለመስቀል ትከሻዬን ያዘኝ። «ቆይ፣ ታያለህ። አስቤበታለሁ» አለ።

የፈረስ ጋሪ ዳገቱን ወጣ። ጋሪው ላይ ሞንታርቦው፣ የመኪና ባትሪውና ሚፍታ አሉበት። ሚፍታ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ነጭ ኮፍያውን አስተካከለና ቁልፉን ተጫነ።

እኛው ነን። የዚያን እሁድ ዘፈን። የእኔ ጢጥታ፣ የጋሻዬ ቦታ በዝምታ፣ የኃይለመስቀል፣ የሌሎቹ፤ እየተቀባበለ መጣ፣ መጣ፣ መጣና፣ ቡም። ኦይታ። ጥርት ብሎ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ከሬሳ ሣጥኑ በላይ ጮኾ።

ሰዉ «እሰይ!» አለ። «አቤት ሲያምር!» አለ። ልጆች ወደ ጋሪው ሮጡ። ሻሺቱ ስታለቅስ ነበር፣ ቀጥ አለች። ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገችና አንገቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ማታ ማታ በሩ ላይ ኮቴውን ስትሰማ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ቡም አለ እንደገና። ወደ እኔ ዞራ፣

«ክንፉ፣ መጣ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ሣጥኑን አየች። ከዚያ ጋሪውን። እንባዋ እዚያው ቆመ። ልክነሽ ከጎኗ ሆና፣ «ቦታውን አትተዉለትም እንዴ? ምን ነካችሁ?» ስትል ብቻ ሰማሁ፤ ድምፅዋን ሞንታርቦው ዋጠው።

«አጥፉት!» አልኩ። «ኃይለመስቀል፣ አስጠፋው!»

«ለምን? ድምፁ ራሱ እኮ ነው! ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?»

«ዝም በሉልኝ ነው ያለው! ዝም በሉልኝ!»

ፊቱን አይቼ ተውኩት። ክፋት አልነበረበትም። ከልቡ ክብር የሰጠው መስሎት ነበር። ጋሪው ጋ ሄጄ ለሚፍታ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ ዘጋው። ሰዉ አጉረመረመ። ቀርከሃዬን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። አንዲት ጢጥ። ከዚያ የሁሉንም ቦታ በልቤ ቆጠርኩ፣ የኦይታ ተራ ደረሰ፤ ዝም አልኩ። ዳገቱ ሁሉ ዝም አለ፤ ከአባያ የሚመጣው ነፋስ ብቻ። ሻሺቱ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየኋት፣ ሊመጣላት ነበር። ሊመጣላት ነበር ልጆቼ። እንደገና ጢጥ አልኩ፤ ጠበቅኩ፤ ተራው ደረሰ፤ ዝም።

«ትንፋሽ አጥሯቸው ነው፣ እርዳቸው እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሚፍታም አዘነልኝ። የአባቱ እኩያ የሆነ ሽማግሌ በሰው ፊት ሲያፍር ማየት አልቻለም። ቁልፉን ተጫነ።

ቡም።

ልክ በኦይታ ቦታ ላይ። ልኩን ቢፈልገው እንኳ እንዲያ አያገኘውም ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። ቀብር ላይ አጨበጨበ። ከታች ከመንገዱ የአይሱዙው ጡሩምባ ጮኸ፤ ጫኞቹ ሣጥኑን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው ተሳለሙና ዳገቱን እየሮጡ ወረዱ። ቀርከሃዬን ወደ ኮት ኪሴ መለስኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

ሻሺቱ ያን ቀን አላለቀሰችም። ተዝካሩም ላይ አላለቀሰችም። ዓመቱ አልፎ አንድ ቀን በሱቄ በኩል ስታልፍ የሚፍታ ሞንታርቦ ያንን ዘፈን ይዟል። ቆመች። ቡም እስኪል ጠበቀች።

«ክንፉ፣ ዛሬም ሥራ ላይ ነው» አለችኝ፣ ሄደች።

እውነቷን ነው። ካሴቱ ተባዛ። ወደ ካምባ የሚመላለሱ የአውቶብስ ሹፌሮች መንገዱ ሲከፋ ተሳፋሪው እንዳያጉረመርም ይከፍቱታል። ሻይ ቤቶች ይከፍቱታል። ሰው በሕይወት እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ጫነ፣ እሁዱን እንኳ ወሰዱበት፤ ሞቶም አላረፈም። ያሠሩታል። የጋሻዬ ቦታ እዚያው ካሴት ውስጥ ባዶውን አለ፤ እሱ ታድሏል፣ ቴፑ ሳይመጣ ሞተ። ኃይለመስቀል አሁን በዚህ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ትልቁ ቀርከሃ እኔ ዘንድ ነው፣ ያ ጥግ ላይ የቆመው። ሻሺቱ ናት ያመጣችልኝ። አልነፋውም። ማንም እንዲነፋው አልፈቅድም።

በሉ ተነሡ፣ ፀሐይዋም አዘቀዘቀች፣ እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ ልጆቼ። በአውቶብስ ስትሄዱ ወይ ሻይ ቤት ስትቀመጡ ያንን ዘፈን ከሰማችሁት፣ ዘፈኑ ዞሮ የሚያርፍበትን ወፍራሙን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ኦይታ ነው። ሞቷል። እሱ ጋ ሲደርስ ወሬያችሁን አቁሙና አንዲት ትንፋሽ ዝም በሉለት። ካሴቱ አይሰማችሁም፣ ሰዉም ልብ አይላችሁም ይሆናል። እናንተ ግን አስታውሱልኝ።